የሳሳ ወለል

ሰይፈ ወለል የሚያጥበው ተንበርክኮ ነበር። ከክፍሉ ሩቅ ጥግ ይጀምርና፣ ለብ ባለ ውሃ የተነከረውን ብሩሽ በአንዲት የወለል ሸክላ ላይ ብቻ ክብ ክብ እያዞረ፣ የለቀቀውን እድፍ በጨርቅ እየጠረገ፣ ጨርቁንም እየጨመቀ፣ አንድ በአንድ ወደ በሩ ያፈገፍጋል። አሲድ አይነካም፤ አሲድ በአንድ ሰዓት ያጸዳና በአንድ ዓመት ቀለሙን በልቶ ይጨርሳል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። ባቡሩ ወደ ድሬዳዋ በመጣበት ዘመን ነጋዴዎች ከዚራ በሚባለው ሰፈር ካሠሯቸው ቤቶች መካከል፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ባለ ሐረግ ወለላቸው በእጁ ያላለፈ ጥቂት ነው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ደግሞ አንዲት ሸክላ ሰብሮ አያውቅም።

በዚያ ዓመት በሚያዝያ የያዘው ቤት ግን ከሌሎቹ ይለይ ነበር፤ ሊኖርበት ነው። ወራሾቹ ውጭ አገር ስለነበሩ፣ ወለሉን ወደ ጥንት መልኩ እስኪመልስ ድረስ ቤቱን እየጠበቀ እንዲቀመጥበት ፈቀዱለት፤ እሱም ዕቃውን በአንድ ጋሪ ጭኖ ገባ። ወደዚህ ቤት የሳበው ከኋላ በኩል ያለው ክፍል ነው። ግድግዳው ክንድ ከስንዝር ይወፍራል፣ ጣሪያው ሩቅ ነው፣ መስኮቶቹ በወፍራም የእንጨት መከለያ ይዘጋሉ፤ ከተማው በእኩለ ቀን እንደ ምድጃ ሲግል እንኳ በዚያ ክፍል ውስጥ ጨለማውና ቅዝቃዜው አይነቃነቁም። ልጁ ትርሲት ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጽንስ ጨንግፎባታል። እንደ ወጉ ሴት ልጅ የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው፤ የትርሲት እናት ግን በሕይወት ስለሌለች፣ የአራሷን ክፍል ማሰናዳት የአባቷ ድርሻ ሆነ። ይህ ሦስተኛው በሕይወት እንዲወለድና እንዲኖር ሰይፈ የማይሰጠው ነገር አልነበረም።

ክፍሉን ያገኘው ጥቁር አቧራ ለብሶ ነው፤ ከአንድ ግዙፍ ቁም ሣጥን በቀርም ዕቃ አልነበረበትም። ሁለት ቀን ሙሉ አጠበ። ከአቧራው ሥር ደም የመሰለ ቀይ፣ የወተት ነጭና በመካከላቸው ሰማያዊ ኮከብ ብቅ ብቅ አሉ። በሦስተኛው ቀን ብሩሹ በእጁ ውስጥ ወደ ታች ሲወርድ ተሰማው። ጎንበስ ብሎ በብርሃኑ ትይዩ ሲመለከት፣ ወለሉ ላይ አንድ ስርጉድ መንገድ አየ፤ የአንድ ሰው እርምጃ የሚያህል ጠባብ፣ በር ከሌለበት የምዕራቡ ግድግዳ ተነሥቶ፣ ክፍሉን ሰንጥቆ፣ ከደጃፉ ሁለት ሸክላ ሲቀረው የሚቆም።

ሰው የተመላለሰበት ወለል ይሰረጉዳል፤ ይህ ለእሱ አዲስ አይደለም። ከወለል ላይ የቤተሰብን ኑሮ ማንበብ ይችልበታል፤ የትኛው ወንበር የአባወራው እንደነበረ፣ ሕፃናቱ በየት በኩል እንደሮጡ፣ የትኛዋ ሴት በየትኛው መስኮት ቆማ እንደጠበቀች ሸክላው ይነግረዋል። ነገር ግን የሰው እግር አስቀድሞ የሚወስደው ቀለሙን ነው። በዚህ ስርጉድ ላይ ያሉት ሸክላዎች ግን እድፋቸው ሲለቅ ከሌሎቹ ሁሉ ደምቀው ወጡ፤ ተረግጠው የማያውቁ ይመስላሉ። ተነሣና ስርጉዱ የሚጀምርበትን ግድግዳ በመዶሻው እጀታ አንኳኳው። የተደፈነ በር ቢኖር ድምፁ ይለወጥ ነበር። አልተለወጠም፤ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ነው።

አየር ፍለጋ ወደ አጥሩ በር ወጣ። ከዛፉ ጥላ ሥር ሎሚ የምትሸጠው አዴ ሳዲያ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ መንገዱ ላይ ሌላ ሕይወት ያለው ነገር አይታይም።

«አቦ አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ አናትህን መታህ እንዴ?» አለችው። «በዚህ ሰዓት ድሬ ውስጥ ዝንብ እንኳ ትተኛለች። የምትፈገፍገው አንተ ብቻ ነህ።»

«ዝንቧ ልጅ አትጠብቅም፣ አዴ ሳዲያ። ልጄ ለመውለድ ልትመጣ ነው። ክፍሉ መድረስ አለበት።»

«የትኛው ክፍል?»

«የኋለኛው።»

በቀሚሷ ጫፍ ስታብሰው የነበረው ሎሚ እጇ ላይ ቆመ። ልጅ ሳለች በዚህ ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ይህን ራሷ ነግራዋለች።

«ሌላ ክፍል የለም?»

«እንደሱ የሚቀዘቅዝ የለም።»

«ይቀዘቅዛል። ወላሂ፣ ይቀዘቅዛል» አለች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ፣ «በኔ ጊዜ ገና ከግድግዳው አራት ክንድ ቢርቅ ነው። አሁን የት ደረሰ?»

«ምኑ?»

ፊቱን ትክ ብላ ተመለከተችው። ከዚያ በከንፈሯ ብቻ ሣቀች። «አሮጊት ነኝ፣ ምን አውቃለሁ። ሎሚ ውሰድ፣ ለልጅህ።»

ከሰዓት በኋላ፣ ከደጃፉ በኩል ያለችውን የስርጉዱን የመጨረሻ ሸክላ ዙሪያዋን በቀጭን መሮ ፈልቅቆ አነሣት። ስትነሣ እጁን ቀለለችው። የዚያ ዘመን ሸክላ አውራ ጣት ያህል ይወፍራል፤ ይህች ግን እንደ ሳህን ጠርዝ ሳስታለች። ገለበጣት። ኖራ የሚይዘው የሸክላ ጀርባ ሁልጊዜ ሻካራ ነው፤ የዚህች ጀርባ ግን ብዙ ዘመን ሰው እንደተሻገረው የድንጋይ ደፍ ለስልሶ፣ አብረቅርቆ፣ በመካከሉ ጎድጎድ ብሎ ነበር። ያለቀችው ከላይዋ አይደለም፤ ከሥሯ ነው።

ተራ በተራ አርባ ሦስት አነሣ፤ አርባ ሦስቱም እንደዚያው ናቸው። በሸክላዎቹና ከታች ባለው አሸዋ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ከዚያ ክፍተት የሚወጣው ሽታ የአፈርም የሻጋታም አልነበረም፤ ጨርቅ ላይ ፈስሶ የቆየ የጡት ወተት ሽታ ይመስላል። ጨው ነው አለ ለራሱ። እርጥበት ጨውን ከመሬት ያነሣል፣ ጨው ሸክላን ይበላል። ሆኖም ጨው የበላው ሸክላ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል እንጂ እንደማይለሰልስ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። አሸዋውንም በጣቱ ነካው፤ ፈሰስ ያለ፣ ከተነጠፈበት ቀን ጀምሮ ምንም ያልጫነው አሸዋ ነው። እነዚያን ሸክላዎች ያለሰለሰው ነገር ቢራመድም፣ የረገጠው የሸክላዎቹን ጀርባ እንጂ አሸዋውን አልነበረም።

ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው። ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌ አንድ ሕግ አውርሶታል፤ የደከመውን ሸክላ እግር ወደማይደርስበት አዛውር፣ ጤነኛውን ከዚያ አምጣ። ሰይፈም በያንዳንዷ ሸክላ ጀርባ ላይ የነበረችበትን ረድፍና ተራ በወፍራም እርሳስ ጻፈ። ቁም ሣጥኑን ገፍቶ አወጣና ከሥሩ አርባ ሦስት ያልተነኩ ወፍራም ሸክላዎች አንሥቶ በስርጉዱ ቦታ ተከላቸው። የሳሱትን ደግሞ በእነዚያ ቦታ፣ በጥጉ ላይ፣ ሥር ሥራቸውን ኖራ እየሞላ ተከለ። ከበላያቸው የትርሲትን አልጋ አቆመ፤ በአልጋ ሥር የሚራመድ ማንም የለምና።

ትርሲት የመጣችው በባሏ በዳምጠው የጭነት መኪና ነው። ጫማዋን አውልቃ ከደጃፉ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ይኼ ወለል ነው ምንጣፍ?»

«እንግዲህ አባባ፣» አለ ዳምጠው ሻንጣዎቹን እንደተሸከመ፣ «እኔ ልርገጠው ወይስ በመስኮት በኩል ልዙር?»

«አንተማ ጎማህን አውልቀህ ግባ» አለችው ትርሲት፤ ሦስቱም ሣቁ። ከዚያም በባዶ እግሯ እስከ አልጋው ሄደች፣ ተቀመጠችና ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «እዚህ ይተርፍልኛል» አለች። ሰይፈ መከለያውን ለመዝጋት ዞር አለ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደኅና ነበር። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ፊቷም ሞላ። ዳምጠው ወደ ጂቡቲ መንገዱ ተመለሰ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ በተኛበት ጸጥታ ውስጥ፣ ትርሲት ወገቧን ይዛ ከአልጋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ አልጋው ስትመላለስ፣ ሰይፈ በሳሎኑ ሆኖ እርምጃዋን አዳመጠ። ባዶ እግር ሸክላ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ልስልስ ድምፅ ነው። ከእያንዳንዱ ድምፅ ቀጥሎ፣ ትንፋሽ ያህል ዘግይቶ፣ ሌላ ድምፅ አለ፤ የገበቴን ቂጥ በመዳፍ መታ እንደማድረግ ያለ፣ ከሥር የሚመጣ። ያልተቀመጠ ሸክላ ሲረግጡት እንዲህ ይመልሳል። ትርሲት ወደ ሐኪም በሄደችበት ጧት ወለሉን ሁሉ ሸክላ በሸክላ በሳንቲም አንኳኳ። ባዶ ድምፅ የሰጠ አንድም አልነበረም።

በማግሥቱ ትርሲት ከመስኮቱ አጠገብ ቆመች። የእሷ እርምጃ ቆመ። የሥረኛው ግን አንድ እርምጃ ጨመረ።

«አባዬ፣ ሰማህ?» አለች ከውስጥ።

«ሸክላው ነው» አለ ሰይፈ። «አዲስ የተተከለ ወለል እስኪረጋ ይናገራል።» ይህን ቃል ለብዙ ደንበኞች ተናግሮታል፤ ሐሰት ሆኖ አፉ ላይ ሲከብደው ግን የመጀመሪያው ነው።

ገላዋን ልትታጠብ ስትወጣ ባትሪ ይዞ አልጋው ሥር ገባ። ሰማያዊዎቹ ኮከቦች በብርሃኑ ውስጥ ተኝተዋል። በመካከል ያለችው፣ ከሁሉ የሳሳችው፣ የጸጉር ያህል ከፍ ትልና ተመልሳ ትቀመጣለች፤ እንደገና ከፍ ትልና ትቀመጣለች፤ በቀስታ በሚፈላ ድስት ላይ እንዳለ ክዳን። መዳፉን አሳረፈባት። በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ እሷ ለብ ያለች ነበረች። መዳፉን ሲያነሣ፣ ሸክላዋ ትንሽ ተከተለችው።

አልጋውን ወደ ሌላው ግድግዳ ለመግፋት ተነሥቶ ሳለ ትርሲት ከመታጠቢያ ቤቱ ጮኸች፤ ሽርት ውሃዋ ፈስሷል። በዚያው ምሽት ሆስፒታል ውስጥ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሕፃኑ ሙሉ ጤነኛ ነው፤ ሲያለቅስ ድምፁ ኮሪደሩን ይሞላል። ሰይፈ በማግሥቱ ወደ ቤት ተመልሶ አልጋውን ከሳሱት ሸክላዎች አርቆ፣ በወፍራሞቹ ላይ አቆመው። ያን ዕለት ቤቱ ጸጥ ብሎ ዋለ። በሦስተኛው ቀን እናትና ልጅ ሲመጡ ስለዚያ ነገር ሊያስብ አልፈለገም፤ የልጅ ልጁን ጣት በጣቱ ይዞ፣ ያየው ሁሉ የድካም ነው ብሎ ራሱን አሳመነ።

በአራተኛው ቀን፣ አሁንም በዚያው በሰባት ሰዓት ሙቀት፣ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ሰይፈ በሳሎኑ ሆኖ ትርሲት እስክትነሣ ጠበቀ። እርምጃ ሰማ፤ ዝግተኛ፣ ወዲያ ወዲህ የሚመላለስ፣ ልጅ ያቀፈች ሴት እርምጃ። ልቅሶው ወደ ሲቃ፣ ሲቃው ወደ ዝምታ ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ዓይኑን ሊከድን ሲል፣ እርምጃው የሚመጣው ከሥር ብቻ መሆኑን ጆሮው ነገረው።

በሩን ከፈተው። ትርሲት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንቅልፍ ወስዷታል። አልጋው ላይ ከጎኗ ማንም የለም። ሕፃኑ በወዲያኛው ጥግ፣ በሳሱት ሸክላዎች ላይ፣ ራቁቱን በደረቱ ተኝቷል፤ የተጠቀለለበት ጨርቅ በአራት ታጥፎ አጠገቡ ተቀምጧል። ገና አንገቱን የማያቀና ልጅ ነው። ዓይኑ ተከፍቷል፣ አንድ ጆሮው ሸክላው ላይ ተለጥፏል፤ ከሆዱ ሥር ያለው ወለል በቀስታ፣ በቀስታ፣ እንደ እሹሩሩ፣ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

ሰይፈ ሕፃኑን ሲያነሣ ወለሉ ሳብ አደረገበት፤ ውሃ ውስጥ የወደቀ ጨርቅ እንደሚከብድ ከበደውና ለቀቀው።

ዳምጠው ከጉዞው ተመልሶ ከተማው ውስጥ ስለነበር በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ሰይፈ ለሁለቱም የነገራቸው ኖራው መርዛማ ትነት እያወጣ መሆኑን ብቻ ነው፤ የዳምጠው እኅት ሐረማያ ቤት አላት፣ ወደዚያ ይሄዳሉ።

«አባዬ፣ አራስ በአራተኛ ቀኗ መንገድ ትወጣለች እንዴ?»

«ትወጣለች። እኔ ካልኩ ትወጣለች።»

እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሯት ስለማያውቅ ልጇን አቅፋ ወጣች። መኪናው ከዓይኑ እስኪሰወር ቆመ። ወዴት እንደሄዱ ለማንም አልተነፈሰም።

ያሰበው ቀላል ነበር፤ የሳሱትን ነቅሎ፣ በጀርባቸው የጻፈውን ቁጥር እየተከተለ፣ እያንዳንዷን ወደ ጥንት ቦታዋ መመለስ። የመጀመሪያዋን ገለበጣት። ቁጥር የለባትም። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም። ኖራው ጠፍቷል፣ እርሳሱ ጠፍቷል፤ አርባ ሦስቱም ከሥራቸው እንደ አዲስ ተወልውለው እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳስተዋል። የቷ ከየት እንደነበረች የሚነግረው ምልክት በዓለም ላይ አልነበረም። ከዚያም ከስርጉዱ ቦታ አንዲት ወፍራም አነሣ፤ የእሷም ጀርባ መለስለስ ጀምሯል።

ሰይፈ መዶሻውን አነሣ። በሠላሳ ስምንት ዓመት የመጀመሪያዋን ሸክላ ሰበረ፤ ከሃያኛዋ በኋላ መቁጠር ተወ። ቀዩን፣ ነጩን፣ ሰማያዊውን ኮከብ፣ የሳሳውንም የወፈረውንም፣ ከግድግዳ እስከ ደጃፍ ሁሉንም ሰበረው። ስብርባሪውን በጋሪ አስጭኖ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ፣ ከተማውን በሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ደፋው። ከዚያ ከክፍሉ ደጃፍ ወንበር አስቀምጦ ባዶውን አሸዋ ሲጠብቅ ዋለ፤ አደረም። ምንም የለም። ድምፅ የለም፣ ሽታ የለም፤ ቅዝቃዜው እንኳ ጠፍቶ ክፍሉ እንደ ሌላው የድሬዳዋ ክፍል ሁሉ ግሏል። ተገላገልን አለ፤ በተቀመጠበትም ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደው።

ወለሉን በሰበረ በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ወደ አጥሩ በር ወጣ።

«ጋሪው ሲመላለስ አየሁ» አለች አዴ ሳዲያ። «ምን አወጣህ?»

«ወለሉን።»

«ያን የሳሳውን?»

«ሁሉንም። አንዲትም አልቀረች።»

ሎሚዎቿን መደርደር ተወች። «ሁሉንም?» አለች። ከዚያ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ መንገዱ፣ ግራና ቀኙን አይታ፣ «እና አሁን ከላዩ ምን አለ?»

«ምንም።»

አዴ ሳዲያ ተነሣች። ጥላው ገና ሳይዞር፣ ገበያው ገና ሳይጀመር፣ ሎሚዎቿን በነጠላዋ ቋጥራ፣ ሰላምታም ሳትሰጠው ሄደች። ሰይፈ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት ስልኩ ጮኸ። ትርሲት ናት፤ ለሳምንታት ያልሰማው ሣቅ ድምፅዋ ውስጥ አለ።

«ልጁ እንዴት ነው?» አላት ቶሎ ብሎ።

«ሰላም ነው አባዬ፣ ድምፁም አይሰማ። እኔም እንቅልፌን ጠገብኩ፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ምን አደረግሁና?»

«የላክሃት ሴትዮ ናታ፤ አንዲት ቃል አትናገርም እንጂ እጇስ የተባረከ ነው፣ ከትናንት ወዲያ ከመጣች ጀምሮ ልጁን ከደረቷ አላወረደችውም፣ እኔ ልቀፈው ስል እንኳ ፊቱን ከኔ አዙሮ ወደሷ ነው የሚያለቅሰው።»